የዑስማን ፒክአፕ በመፋዛ ሠርግ ላይ ስትዘፍን

ገዳሪፍ ሥራ የጀመርሁት የመኪና በር በመደገፍ ነው።

ከመተማ ወደ ሱዳን ተሻግሬ ሰሊጥ ሳጭድ ከርሜ ነበር። አጨዳው ሲያልቅ የቀን ሥራ ፍለጋ ሰናዒያ ገባሁ፤ ጋራዦቹ፣ ብየዳ ቤቶቹና ጎማ ጠጋኞቹ የተሰበሰቡበት ሰፈር ነው። ኡስታ ኢድሪስ የሚባል የመኪና ቴፕና ስፒከር ሠራተኛ ከአንድ ነጋዴ ጋር ሲከራከር ደረስሁ። ነጋዴው መኪናው ውስጥ ተቀምጦ "ስፒከሩ ተቀዷል፣ ስማው እንዴት እንደሚንጫረር!" ይላል። እኔ ፀሐዩ ስለበረታብኝ ጥላው ወዳለበት ጎን ዞሬ የመኪናውን በር ደገፍ ብዬ ቆምሁ። መንጫረሩ ቀጥ አለ።

"ምን ነካህ?" አለኝ ኢድሪስ።

"ኧረ ምንም!" ብዬ ደንግጬ ፈቀቅ አልሁ። መንጫረሩ ተመለሰ።

"ተመለስ! ተደገፍ!"

ተደገፍሁ፤ ዝም አለ። ለቀቅሁ፤ ጮኸ። ነጋዴው በሳቅ መሪው ላይ ተደፋና "ካላስ፣ በቃ፣ ይሄን ሰውዬ በሩ ላይ ግጠምልኝና ልሂድ" አለ።

ኢድሪስ የበሩን ልባስ አወለቀው። ስፒከሩ ደኅና ነበር። የሚንቀጠቀጠው ከኋላው ያለው ስስ ላሜራ ነው። ከአሮጌ የጎማ ካላማዳሪያ ቁራጭ ቆርጦ በማስቲሽ ለጠፈበትና ልባሱን መለሰ። መኪናው ጠርቶ ዘፈነ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"ስምህ ማነው?"

"አስማረ።"

"አስመራ?"

"አስማረ።"

"ታማም፣ ጥሩ። ነገ ጧት ና፣ አስመራ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሰናዒያ ስሜ አስመራ ሆኖ ቀረ። ኤርትራውያን እየመጡ የአገራቸውን ወሬ ይጠይቁኛል። መጀመሪያ አስረዳ ነበር። በኋላ ግን "ደኅና ነው፣ ዝናቡ ጥሩ ነው" ማለት ለመድሁ።

በኢድሪስ ሱቅ ሥራ የሚማሩት በተራ ነው። መጀመሪያ በር ማውለቅ፣ ቀጥሎ ሽቦ፣ መጨረሻ ላይ ሽቦ የሚበየድበት ካውያ። በር ሲወለቅ ካቻቢቴ አይነካም፤ ልባሱን ይሰነጥቃል። ኢድሪስ ከሚስቱ ማጀት የወሰደውን የእንጨት ማማሰያ ጫፉን አሹሎ እሱን ሰጠኝ። ሚስቱ ባየችኝ ቁጥር "ማማሰያዬ እንዴት ነው?" ትለኛለች። "እያደገ ነው፣ አሁን የሀብታም መኪና ይከፍታል" እላታለሁ።

አንድ ጊዜ ደግሞ በካላማዳሪያ ፈንታ የጣራ ሬንጅ ሞከርን። ርካሽ ነው፣ ላሜራ ላይ ይጣበቃል፣ ንዝረትም ይገላል። የገዳሪፍን ፀሐይ ረስተን ነበር። በሳምንቱ ባለመኪናው ነጭ ጀላቢያው ከጉልበቱ በታች ጥቁር ሆኖ መጣ። ጀላቢያውን ገልጦ አሳየን። ኢድሪስ አዲስ ጀላቢያ ገዛለት፤ እኔም ቀኑን ሙሉ ሬንጅ ስፍቅ ዋልሁ። ከዚያ ወዲህ የእኛ ንጣፍ ካላማዳሪያና የሰሊጥ ጆንያ ሆነ።

በሱዳን ጦርነት ተነሥቶ የካርቱም ዕቃ መምጣት ሲያቆም ብዙ ባለሙያ ሱቁን ዘጋ። የእኛ ግን ያኔ ደራ። ሰው አዲስ መግዛት አልቻለም፤ ያለችውን ከፋብሪካ የወጣች ቴፕ አሻሽሉልኝ ይላል። የተጋጩ መኪኖችን እየዞርን ስፒከር እንነቅላለን፣ የላላውን እናጠብቃለን፣ የተቆረጠውን እንቀጥላለን። የእንጨቱን ሥራ የያዘልን ሃፍቶም ነው። ከሑመራ ሸሽቶ በስደተኞች መቀበያው በመንደር 8 በኩል የገባ አናጢ ነው፤ ከስደተኞች መጠለያው እየወጣ ከተማ ይሠራል። የተጣለ ቁም ሣጥን አምጡለት፤ የስፒከር ሣጥን አድርጎ ይመልስላችኋል።

ዑስማን የመጣው በዚያን ዘመን ነው። ከመፋዛ ገዳሪፍ ሰው የሚያመላልስ የፒክአፕ ሾፌር ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲናገር እጁ ከአፉ የሚቀድም።

"ልጄን ሰልማን እየዳርሁ ነው" አለ። "የሙሽራው አባት የገዳሪፍ እህል ነጋዴ ነው። በጭነት መኪና ሙሉ ስፒከር የጫነ ዘፋኝ ይዞ ይመጣል። ወላሂ፣ እነሱ ደጄ ሲደርሱ የእኔም ቤት ድምፅ ይኑረው! ልጄ ከዱዳ ቤት ወጣች እንዲባልባት አልፈልግም።"

ከኪሱ ያለውን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ኢድሪስ አየት አደረገና "በዚህ የሚመጣው የስፒከር ግማሽ ነው" አለው።

"የትኛው ግማሽ? የሚዘፍነው ከሆነ እሺ።"

ኢድሪስ ሳቀ። እሱ ከሳቀ ሥራው ተያዘ ማለት ነው።

በሮቹን አወለቅን። ከፋብሪካ የመጡት ስፒከሮች ወረቀታቸው እንደ ደረቅ ቅጠል ተበጣጥሷል። ከአንድ ከተገለበጠ የቤት መኪና ያወጣናቸውን ሁለት ስፒከሮች ተካን። ቀዳዳው ስላልገጠመ ሃፍቶም የእንጨት ቀለበት ሠራ። ላሜራውን በካላማዳሪያ፣ ልባሱን በጆንያ አለበስን። ድምፁን የሚያጎላ አንድ አሮጌ አምፕሊፋየር ከወንበሩ ሥር ገባ። ወፍራሙን ቀይ ሽቦ ከባትሪው አምጥተን ፊውዙን እዚያው ባትሪው አጠገብ አደረግን፤ ወደ ሻሲው የሚሄደውን ሽቦ ደግሞ የሻሲውን ቀለም እስከ ብረቱ ፍቀን አሰርን።

ከፈትነው። እንደ ጉንፋናም ሰው በአፍንጫው ዘፈነ። ባስ የሚባል የለም።

ዑስማን እኔን አየ፣ እኔ ኢድሪስን አየሁ። ኢድሪስ ጆሮውን ጣል አድርጎ ሰማና "አብረው አይተነፍሱም" አለ። አንዲት የባትሪ ድንጋይ አንሥቶ የአንዱን ስፒከር ሽቦዎች ነካ ነካ አደረገባት፤ ወረቀቱ ወደ ውጭ ገፋ። ሌላውን ነካ፤ ወደ ውስጥ ገባ። ሽቦዎቹ ተገላብጠው ስለታሰሩ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፣ ባሱም በመካከል ይጠፋል። የአንዱን ሽቦዎች አቀያየርን።

ድጋሚ ስንከፍተው መደርደሪያው ላይ ያለው የብሎን ጣሳ ራሱ እየተራመደ ሄዶ ወደቀ። በያጆቹ መከለያቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው ወጡ። ጎማ ጠጋኙ ቸርኬ መደብደብ ጀመረ። ዑስማን እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ፣ ጣቱን እያስጮኸ፣ መኪናዋን ይዞራት ጀመር። "ጩሂ! የሰልማ እናት መፋዛ ሆና ትስማሽ!" ይላል።

ለሠርጉ ሽቦ ቢላላ እንድገኝ ኢድሪስ እኔን ላከኝ። ሃፍቶምም "እኔም እሄዳለሁ፤ ከአገሬ ከወጣሁ ሠርግ አላየሁም" ብሎ ከኋላ ተሳፈረ።

ባልታሰበ ጊዜ ዝናብ ጥሎ አድሮ ነበር። ያ አገር ዋልካ አፈር ነው፤ ደረቅ ሲሆን ድንጋይ፣ ሲረጥብ ሙጫ። የእኛ ፒክአፕ ቀላል ስለሆነች እየገፋን፣ እየሳቅን፣ ጭቃ ለብሰን ደረስን። የሙሽራው ወገን ግን ከሰዓት በኋላ በትራክተር ተጎታች ላይ ተደርድረው መጡ፤ ነጭ ልብሳቸው ነብር መስሏል። በመካከላቸው ዘፋኙ ማይክሮፎኑንና ትንሽ የድምፅ ማቀላቀያ ሚክሰሩን በፌስታል ጠቅልሎ እንደ ሕፃን ታቅፏል።

"ስፒከሮቹስ?" አለ ዑስማን።

"ከነጀነሬተራቸው ከዋልካው ጋር ተጋብተዋል" አለ ዘፋኙ። "እኔን ብቻ ፈቱኝ።"

 ከዚያ የሁሉም ዓይን ወደ ፒክአፗ ዞረ። የሙሽራው አባት ጉሮሮውን ጠራረገና "መኪናህ ትዘፍናለች ሲሉ ሰማሁ" አለው።

"ትዘፍናለች!" አለ ዑስማን ደረቱን ነፍቶ። እኔ በጆሮው "ማይክሮፎን ሞክረንባት አናውቅም" አልሁት። "አሁን ትሞክራለህ" አለኝ፤ ፈገግታውን ግን አላጠፋም።

ቴፑ ፊቱ ላይ የስልክ ገመድ መሰኪያ አለው። የሚክሰሩን ገመድ እዚያ ሰካሁ፤ ሚክሰሩ የሚሠራው በስልክ ቻርጀር ስለሆነ ቻርጀሩን ሲጋራ መለኮሻው ላይ ሰካሁት። የባትሪው ኃይል እንዳይወድቅ ዑስማን ሞተር አስነሣ። ዘፋኙ አፉን ከመክፈቱ መኪናዋ "ኢኢኢኢ" አለች። ዑስማን ደንግጦ ነዳጅ ሲረግጥ "ኢ"ው አብሮ ወደ ላይ ወጣ፤ ሲለቅ ወረደ። ልጃገረዶቹ በሳቅ ሞቱ። ከሙሽራው አጎቶች አንዱ "ይሄ ሠርግ ነው ወይስ ወፍጮ ቤት?" አለ።

የዑስማን ፊት ዐመድ መሰለ። ሰልማ በመስኮት ታያለች። እኔ በጭቃ ላይ ላብ ጨመርሁበት። ድምፁ ከሞተሩ ጋር ከወጣና ከወረደ የሚገባው በኤሌክትሪኩ ነው። ቴፑና ሚክሰሩ ከአንድ ባትሪ እየበሉ፣ በድምፅ ገመዱ ደግሞ እንደገና ተያይዘዋል። የሞተሩ ጩኸት የሚሄድበት ቀለበት አገኘ ማለት ነው።

"ሃፍቶም፣ የትራክተሩን ባትሪ!"

"ሕራይ፣ ሓወይ!" አለ፤ እሺ ወንድሜ ማለቱ ነው። የትራክተሩ ሾፌር ሳይፈቅድ ባትሪውን ፈታው። ባትሪውን ተሸክሞ ሲመጣ የመኪናዋን መለኮሻ መሰኪያ ነቅዬ ከትራክተሩ ባትሪ ጋር በሁለት ሽቦ አሰርሁት፤ ቻርጀሩንም እዚያው ላይ መለስሁ። ሚክሰሩ ለብቻው መብላት ሲጀምር "ኢ"ው ተቆረጠ።

ዘፋኙ "አሎ" አለ። መኪናዋ በሌላ ጩኸት ጆሯችንን በጠሰችው። ይሄኛውን አውቀዋለሁ፤ ማይክሮፎኑ የራሱን ድምፅ ከስፒከሩ እየሰማ ነው። በሮቹን ወለል አድርገን ስንከፍት ስፒከሮቹ ወደ ኋላ ያያሉ። ስለዚህ እንግዳው ከመኪናዋ ኋላ፣ ዘፋኙ ደግሞ ከስፒከሮቹ ጀርባ መቆም አለበት። ግን ኮፋኖው ጋ ከቆመ ማንም አያየውም።

ዘፋኙ ቀና ብሎ ጣራውን አየ።

"ጣራዬን አይሆንም!" ጮኸ ዑስማን።

ሚስቱ ዘይነብ ከሴቶቹ መካከል ወጣች። "ጣራው ይበልጥብሃል ወይስ ሰልማ?"

ዑስማን ጣራውን አየ፣ መስኮቱን አየ። "ይውጣ!" አለ። "ጫማውን ግን ያውልቅ!"

ዘፋኙ ባዶ እግሩን ወጣ። የመጀመሪያውን ስንኝ ሲያወጣ ድምፁ ከሁለቱ በሮች እንደ ውኃ ወረደ፤ ቃሉ አንድ በአንድ ይለያል። ሴቶቹ ደሉካ የሚሉትን ከበሯቸውን አነሡ፣ እልልታው ተከተለ። የሙሽራው አባት ከተጎታቹ ዘሎ ጭቃው ውስጥ ገባና ጨፈረ። ወፍጮ ቤት ብሎ የቀለደው አጎት ደግሞ ዱላውን እያወዛወዘ መኪናዋን ሳማት። ሃፍቶም በትከሻው፣ በአገሩ ስልት፣ ክብ መዞር ጀመረ። መጀመሪያ ተገርመው አዩት፤ ቀጥሎ ሦስት ሆኑ፤ ከዚያ የመፋዛ ጎረምሳ ሁሉ በሱዳን ምት ትከሻውን እየሰበቀ ከኋላው ይዞራል። ሰልማ ሙሽርነቷን ረስታ በመስኮቱ ግማሽ አካሏን አውጥታ ታጨበጭባለች።

ናፍጣ ሊያልቅ ሲል የሙሽራው አባት "ከትራክተሩ ቅዱ!" ብሎ አዘዘ። የትራክተሩ ሾፌር "ባትሪዬን ወሰዳችሁ፣ አሁን ናፍጣዬን፤ ሲመሽ ትራክተሬን ትገፉልኛላችሁ ወይ?" ሲል በሳቅ ተቀበሉት። እሱም ስቆ ራሱ ቱቦ ይዞ መጣ። ጀንበር እስክትጠልቅ መኪናዋ አልጠፋችም።

ጣራው በሁለት ቦታ ጎድጉዷል። ዑስማን ሊያስጠግነው አልፈለገም፤ ተሳፋሪ ሲጠይቀው ሠርጉን ከመጀመሪያው ጀምሮ ይነግረዋል፣ ገዳሪፍ ሳይደርሱ አያልቅም። ያ የትራክተር ሾፌርም በሳምንቱ ሰናዒያ መጣ። ትራክተሩ ላይ ቴፕ እንድንገጥምለት ነው። ገጠምንለት።

ኢድሪስ ስለ ሠርጉ ሲጠይቀኝ የዳንሁት በትራክተር ባትሪ መሆኑን ነገርሁት። "አዲስ አምፕ ነው የሚያስፈልገው ብለህ ዝም ብትል ማን ያውቅብህ ነበር?" አለኝ። እኔ ግን በሰናዒያ ከእሱ የተማርሁት ሌላ ነው። መኪና አለቦታው ሲጮህ ዕቃ ከመግዛት በፊት ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ መከተል ነው። ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ነገር መኪናው ውስጥ አለ፤ የታሰረበት ቦታ ነው የተሳሳተው።