የሁለት ትልም ውሃ

ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ ወይዘሮ ትዕግሥት ወንበር ሳይሰጡኝ ጥያቄ ሰጡኝ። «ዳታ ስትፈልጊ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ሰርቨሩን እጠይቃለሁ፣ መልስ እጠብቃለሁ፣ ደግሞ እጠይቃለሁ» አልኩ። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት እንደዚያ ነበር።

«እዚህ እየሄድሽ አትጠይቂም። ዳታው ራሱ ይመጣልሻል። የአንቺ ሥራ መቀበል ነው።»

መቀበልም ሥራ ተብሎ ሰው ይቀጠርበታል? ብዬ በሆዴ ሳቅሁ። ያን ሳቅ ሳስታውስ ዛሬም አፍራለሁ።

ቢሯችን አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ውስጥ ሁለት ክፍል ነበረች። ለመስኖ ገበሬዎች ሶፍትዌር እንሠራለን። ከደጋው ቆላ ወዳለው ጫኖ በሚወርደው ወንዝ ላይ፣ ተራራው ሥር፣ የውሃ ከፍታ የሚለካ መሣሪያ ተክለናል፤ በየሰከንዱ አንድ ቁጥር ይልካል። ያን ቁጥር የሚቀበለውን የፕሮግራም ክፍል ሰብስክራይበር እንለዋለን። ሥራው ሲነገር ቀላል ነው፦ ይመዘገባል፣ አዲስ ቁጥር ሲመጣ የታዘዘውን ያደርጋል፣ ስህተት ሲደርስ ይናገራል፣ ሲያልቅ ይዘጋል።

የመጀመሪያውን ሰብስክራይበሬን ያስነሳሁት በጠራራ ፀሐይ ነው። ቁጥሮቹ ለጥቂት ጊዜ ባሉበት ቆዩና ቀስ እያሉ ከፍ ማለት ጀመሩ። የሆነ ነገር ያበላሸሁ መስሎኝ ደነገጥኩ። ወይዘሮ ትዕግሥት ከኋላዬ ቆመው አዩና «ደጋው ላይ፣ ጨንቻ፣ እየዘነበ ነው» አሉ። በመስኮት አንገቴን አውጥቼ ብመለከት ሰማዩ ላይ አንዲት ደመና የለም። ማንም ሳይጠይቀው የተራራው ዝናብ ጠረጴዛዬ ድረስ መጥቷል። እጄን በአፌ ጫንኩ።

ያ ሁሉ የሚሠራው ለአንድ ሰው ነበር ማለት ይቻላል። ጋሽ ቶማ ጫኖ ላይ የወንዙ ጠለፋ ጠባቂ ናቸው። ውሃው ወደ ቦዩ የሚገባበትን በር የሚከፍቱትና የሚዘጉት እሳቸው ናቸው፤ በሩ በደለል ሲሞላም አካፋ ይዘው እጉልበታቸው ድረስ ውሃው ውስጥ ይገባሉ። አደጋው እዚያ ላይ ነው። ደጋው ላይ ዘንቦ ጎርፍ ሲወርድ ጫኖ ፀሐይ ሊሆን ይችላል። የውሃው ከፍታ የአደጋውን ቀይ መስመር ሲያልፍ ስልካቸው እንዲጮህና ከውሃው እንዲወጡ ፕሮግራሙን እኔ ጻፍኩ።

አንድ ከሰዓት በኋላ የቢሮዬ ስክሪን ቀይ ሆነ። የጋሽ ቶማ ስልክ ጮኋል፣ ወጥተዋል ብዬ ሻይዬን ጠጣሁ። እንዲያውም ኮራሁ።

በማግስቱ ጋሽ ቶማ ቢሮ መጡ። ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። አማርኛ የተማሩት ካደጉ በኋላ ስለሆነ አንዳንዴ አንተ ይሉኛል፤ ማረም ትቻለሁ።

«ይሄ ስልክህ ጥሩ ነው» አሉ። «ግን ያለፈ ወሬ ነው የሚያወራው። ውሃው ሲደፈርስ በዓይኔ አይቼ ወጣሁ። አካፋዬን ወሰደው። ዳር ላይ ቁጭ ብዬ እግሬን ሳደርቅ ነው ይሄ የጮኸው።»

ወይዘሮ ትዕግሥት አልጮሁብኝም። «ምክንያቱን እስክታውቂ ድረስ ጋሽ ቶማ ይህን ስልክ አምነው ውሃ ውስጥ አይገቡም» አሉኝ። «ነገ አብረሻቸው ዋይ።»

በማግስቱ ጫኖ ሄድኩ። ጋሽ ቶማ በሩ አጠገብ ቆመዋል። ከሙዙ ማሳ መጨረሻ የአንዲት ሴት ድምፅ መጣ፣ መሐል ያለው ገበሬ ተቀብሎ አስተጋባው፣ ሌላውም ቀጠለ፦ «የሁለት ትልም!» ጋሽ ቶማ በሩን ትንሽ አነሱ፣ ለሁለት ትልም የሚበቃ ውሃ ለቀቁና መልሰው ዘጉት። ከዚያ በሩን ይዘው ጠበቁ። ጥቂት ቆይቶ ያው ድምፅ፦ «የሁለት ትልም!»

«ጋሼ፣ ውሃው ሞልቶ የለም እንዴ? ለምን አንዴ ከፍተው አይተዉትም?»

«ውሃ ብዙ ነው» አሉ። «የምትጣራው አልማዝ ግን እጇ ሁለት ነው። ትልሙን እየቀደደች፣ እየደፈነች ነው የምትቀበለው። እሷ ሳትጠራ ከላክሁ ችግኙን ይዞት ይሄዳል።»

«ጎርፍ ሲመጣስ?»

ከዛፉ ላይ የተንጠለጠለ ቆርቆሮ አሳዩኝ። «ጎርፍ ተራ አይጠብቅም። ይሄን እመታለሁ፣ ሁሉም ዶማውን ጥሎ ይወጣል።»

ቦዩ ዳር ቁጭ አልኩ። ሰብስክራይበር ሲመዘገብ በአንድ ጊዜ ስንት እንደሚችል ለላኪው መንገር አለበት። መጽሐፍ ላይ አንብቤዋለሁ፤ እንደ ወግ ቆጥሬ «ያለውን ሁሉ» ብዬ አለፍኩት። የቢሮዬ ኮምፒውተር ችሎታል። የጋሽ ቶማ ደካማ ስልክ ግን እያንዳንዷን ቁጥር ግራፍ ላይ ለመሳል ሲታገል ሌሎቹ ወረፋ ይይዛሉ፤ ማስጠንቀቂያውም ከወረፋው ጅራት ቆሞ ተራውን ይጠብቃል። እኔ በትምህርት ያልገባኝን ፊደል ያልቆጠሩ ሰዎች በየቀኑ እየተጠራሩ ይሠሩታል። እንዴት ያለ ነገር ነው አልኩ፣ ጮክ ብዬ።

ፕሮግራሙን እንደ አዲስ ጻፍኩት። ስልኩ እንደ አልማዝ የሚችለውን አንድ ቁጥር ብቻ ይጠራል፤ ስሎ ሲጨርስ ሌላ ይጠራል። በመሐል ያለፈው ይጣላል፤ የሚሰጠው የመጨረሻው ብቻ ነው። ለማስጠንቀቂያው ግራፍ የማይስል፣ ወረፋ የሌለው ሌላ ሰብስክራይበር ለብቻው ሰጠሁት። እሱ ቆርቆሮው ነው።

ወይዘሮ ትዕግሥት ስልኩን ይዤ እንድሄድ ፈቀዱ። ጋሽ ቶማ አዲስ አካፋ ይዘው ውሃው ውስጥ ገቡ፤ እኔ ዳር ላይ ስልኩን ይዤ ቆምኩ። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ውሃውም ጠጠሩን ያሳያል። ስልኩ ጮኸ።

ጋሽ ቶማ ሰማዩን አዩ፣ ውሃውን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ይውጡ፣ ጋሼ!»

ከነአካፋቸው ወጡ፤ ቆርቆሮውን መትተው ከፍ ያለው ዳር ላይ አጠገቤ ተቀመጡ። ምንም የለም። ወፎች ይጮሃሉ፣ ውሃው ያው ጥርት ያለ ነው። ሁለተኛ ማን ያምነኛል ብዬ ፊቴን ደበቅሁ።

መጀመሪያ ድምፁ መጣ። ከዚያ ቀይ ውሃ ከነሥሩ የተነቀለ ዛፍ ተሸክሞ መጣና እሳቸው ቆመውበት የነበረውን ቦታ ሸፍኖት አለፈ።

ጋሽ ቶማ አካፋቸውን አገላብጠው አዩት። «አሁን ገና የዛሬን ወሬ ነገረኝ» አሉ።

ሥራው ውስጥ ብዙ ዓመት ቆየሁ፤ አሁን አዳዲስ ልጆች ሲቀጠሩ ወንበር ሳልሰጣቸው የምነግራቸው ይህንን ነው፦ መጀመሪያ ተቀባዩ ስንት እንደሚችል ጻፉ። ማስጠንቀቂያን ወረፋ ውስጥ አታስገቡ። ጋሽ ቶማ ዛሬም ስልኩን አምነው ደለል ለመጥረግ ውሃው ውስጥ ይገባሉ።