አራት ዲግሪ ላይ የቆመው ፍሪጅ

አባዬ ስኳር ሰርቆ አልበላም። ይህን መጀመሪያ ተናግሬ ልገላገል፤ ያኔ ቤታችን ውስጥ አንድም ሰው አላመነውማ።

የምንኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ የስኳር በሽታ ያለበት፣ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ነው። በጉብዝናው ሻይ ሲጠጣ የብርጭቆው ግማሽ ስኳር ነበር እያለች እማዬ እስከ ዛሬ ታማዋለች። ስለዚህ ባለፈው ክረምት ስኳሩ አልወርድ ሲል ጥፋተኛው ያለ ፍርድ ቤት ተገኘ።

«አንተ ሰውዬ፣ ተደብቀህ እየበላህ ነው!»

«ልጄን ይንሳኝ፣ አልቀመስኩም!»

«ልጅህን ተዋት፤ እሷ ምን አደረገችህ?»

እማዬ የስኳሩን ቆርቆሮ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበትና ቁልፉን ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ አሰረችው። አባዬ በየጠዋቱ አልቀመስኩም ይላል፣ እሷ ታጉረመርማለች፣ እኔ ጫማዬን አድርጌ ወደ ሥራ እሮጣለሁ። ሰውየው ግን እየከሳ ሄደ። ውኃ ጠጥቶ አይረካም፤ ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም አለ። ፈራሁ፤ በጣም ፈራሁ።

ሐኪም ቤት ወሰድነው። ዶክተሩ በትህትና «አባቴ፣ ጣፋጭ ነገር ይወስዳሉ እንዴ?» ሲለው አባዬ እማዬን አየ፣ ከዚያ መሬት መሬት እያየ «አዎ፣ አልፎ አልፎ» አለ። የመድኃኒቱ መጠን ከፍ ተደረገለት። እማዬ ታክሲ ውስጥ «አላልኳችሁም!» ስትል አባዬ በመስኮት ወደ ውጭ ያይ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ አልቀመስኩም ማለቱን ተወ።

እኔ የምሠራው አትላስ አካባቢ፣ ከታች ሬስቶራንት ከላይ ቢሮ በሆነ ሕንፃ ውስጥ ነው። ፕሮግራመር ነኝ። ሥራችን የፋርማሲ ፍሪጆችን መጠበቅ ነው። ፍሪጁ ውስጥ ያስቀመጥነው ቴርሞሜትር ሙቀቱን ሳያቋርጥ ይልካል፤ ይህን ስትሪም እንለዋለን። በእኛ በኩል ቁጭ ብሎ የሚቀበለው ኮድ ደግሞ ሰብስክራይበር ይባላል። «ይህን ያህል ላክልኝ» ብሎ ይጠይቃል፣ የመጣለትን አንድ በአንድ ተቀብሎ ስክሪን ላይ ያወጣዋል። ስህተት ከመጣበት ግን አበቃ፤ እንደገና ካልተመዘገበ በቀር ከዚያ ወዲያ ምንም አይደርሰውም። ስለዚህ ስህተት ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። የእኛው አልተነገረውም።

መጀመሪያ ላይ ዳታ ሲጠፋ የሚጮህ ደወል ነበረን። ታዲያ መብራት በሄደ ቁጥር፣ ኔትወርክ በተቆራረጠ ቁጥር ይጮሃል። አለቃችን ሰለቸውና «ዝም ካለ ኔትወርክ ነው፤ ሲመጣ ይመጣል» ብሎ አስጠፋው። ማንም አልተከራከረውም፤ የምንኖረውም እንዲሁ ነዋ! ውኃ ጠፋ? ይመጣል። መብራት ሄደ? ይመጣል። የዚህ ከተማ ሰው ነገር ሲቋረጥ ይጠብቃል እንጂ አይደነግጥም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቢሮ ስክሪኑን ሳይ ዓይኔ ሰፈራችን ያለው ፋርማሲ ላይ ዐረፈ። አባዬ መድኃኒቱን የሚገዛው እዚያ ነው። አራት ዲግሪ፣ አረንጓዴ። ሻይ ጠጥቼ ተመለስኩ፤ አሁንም አራት። ወይ ጉድ! በሩ የሚከፈት የሚዘጋ ፍሪጅ እንዴት ንቅንቅ አይልም? ገብቼ ኮዱን ሳየው ሰብስክራይበሩ ከቆመ ሰንብቷል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ቴርሞሜትሩ የማይረባ ቁጥር ልኮ ነበር፤ እሱን እንደ ስህተት ቆጥሮ እዚያው ቀረ። ስክሪኑ የሚያሳየን የዚያን ዕለቱን አራት ዲግሪ ነው።

ፋርማሲስቷ ጋ ደወልኩ። «እስቲ ፍሪጁን ክፈቺውና እዪልኝ።»

«ምን ሆነ? በደንብ ያቀዘቅዛል እኮ። እንዲያውም ጀርባው በረዶ ሠርቷል።»

መብራቱ ሲመለስ የፍሪጁን መቆጣጠሪያም አበላሽቶታል ማለት ነው። ኢንሱሊን አንዴ በረዶ ከሆነ በኋላ ቢቀልጥም መልኩ ያው ነው፤ እሱን መወጋት ግን ውኃ እንደ መወጋት ነው። እሷም ገባትና «በስመ አብ!» ብላ ጮኸች። የቀረውን ልትጥል፣ ለገዙት ሁሉ ልትደውል ስልኩን ዘጋችው።

አባዬ ያን ሁሉ ጊዜ ውኃ ነበር የሚወጋው። እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ሌላው የታወሰኝ። እዚያ ፋርማሲ የሱ ዓይነት አልቆ ስለነበር አዲሱን ጠርሙስ ትናንት ከአትላስ ገዝቼ የወሰድኩለት እኔ ነኝ። ዛሬ ማታ የሚከፍተው እሱን ነው። ጤነኛ መድኃኒት፣ ዶክተሩ ከፍ ባደረገው መጠን። ስኳሩን ድንገት አውርዶ ይገድለዋል!

እቤት ደወልኩ። ማግኘት አይቻልም ትላለች ሴትዮዋ። ደግሜ ደወልኩ፤ ያው። ኮንትራት ታክሲ ይዤ በረርኩ ልበል እንጂ ጎሮ ላይ መንገዱ ጢም ብሎ ነበር። ያየሁትን ለአለቃዬ ብጽፍለት «ኔትወርክ ይሆናል፣ ነገ እናየዋለን» ብሎ መለሰልኝ። ኤዲያ! ስልኩን ቦርሳዬ ውስጥ ወረወርኩት።

ስደርስ ብሎኩ በሙሉ ጨልሟል። ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። እማዬ ሻማ ይዛ ከፈተችልኝ። «መብራት ሄዶ እራቱ አልደረሰም። አባትሽ መርፌውን ቀድሞ ተወግቶ ይኸው አኩርፎ ቁጭ ብሏል፤ ባናግረው አይመልስልኝም» አለች።

አላኮረፈም። ሸሚዙ በላብ ርሷል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ እኔን ሲያይ እንደማያውቀኝ ነው።

«እማዬ፣ ስኳር!»

«ምን?»

«ስኳር አምጪ! ክፈቺው!»

ክሩን ከአንገቷ ልታወልቀው ብትሞክር እምቢ አላት። ቁም ሳጥኑ ሥር ተንበርክካ፣ ግንባሯን በሩ ላይ ለጥፋ፣ ቁልፉን ከነአንገቷ አስገብታ ከፈተችው። በውኃ በጠበጥነው። እማዬ በገዛ እጇ፣ «ጠጣልኝ፣ በሞቴ፣ ጠጣልኝ» እያለች በማንኪያ አጠጣችው። ብርጭቆው ሲያልቅ ሌላ በጠበጠች።

ቀስ በቀስ እጁ ረጋ። ዓይኑ ተመለሰ። «መጣሽ እንዴ?» አለኝ። እኔም እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ፍሪጁን፣ በረዶውን፣ የቢሮአችንን ጉድ። እማዬ ማንኪያውን እንደያዘች ሰማችኝና ወደ እሱ ዞረች።

«ታዲያ ዶክተሩ ፊት ለምን በልቻለሁ አልክ?»

«አልበላሁም ስል የሰማኝ ነበር?»

እማዬ ሻማውን ወለሉ ላይ አስቀመጠችና ቁልፉን ከክሩ ለመፍታት መታገል ጀመረች።