የአጎቴ ቪብራፎን እና የአባቴ መጥረቢያ

ልጅ እያለሁ በሶዶ ከተማ ቪብራፎን ያለው የእኛ ግቢ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ እስካሁንም ተሳስተሻል ያለኝ ሰው የለም። ያመጣው የእናቴ ወንድም፣ አጎቴ ጳውሎስ ነው። አዲስ አበባ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ለዓመታት ላቲን ጃዝ ሲጫወት ኖሮ፣ ባንዱ ሲበተን በአይሱዙ ጭኖት መጣ። ጠረጴዛ በሚያክል ማቆሚያ ላይ የተደረደሩ ጠፍጣፋ ብረቶች ናቸው፤ ከሥራቸው ቱቦ አላቸው። በእያንዳንዱ እጁ ሁለት ሁለት መምቻ በጣቶቹ መሀል ሰክቶ ሲመታቸው ድምፁ ሆዴ ድረስ ይገባ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ የሱዚ ዝላዩን ትቼ ወደ እሱ እሮጣለሁ። "መጀመሪያ ዳጣ የነካ እጅሽን ታጠቢ!" ይለኛል፤ ምን በልቼ እንደመጣሁ ከቃሪያው ጠረን ያውቅ ነበር።

አባቴ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌና የመዘምራን መሪ ነበር። በእኛ ዘንድ ከዓለማዊ ሙዚቃ የተመለሰ ሰው በጉባኤ ፊት ንስሐ ይገባል፣ መሣሪያውም ወይ ይቃጠላል ወይ ለመዝሙር ይለያል። አጎቴ ቪብራፎኑን ከእሳት ለማዳን መዝሙር ብቻ ሊጫወትበት ቃል ገባ። አባቴም ዋስ ሆነለት።

አንድ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መዝሙር ሲለማመድ "እንቅልፍ ያመጣል፣ ድሮ እቤት እንደምትጫወተው ተጫወተው" አልኩት። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። "ግጥሙ የጌታ ከሆነ ምቱ ማንን ያስቀይማል?" ብሎ ሳቀ። እሁድ መዝሙሩን በቻቻ፣ በሆቴሉ የላቲን ጭፈራ ምት መታው። ወጣቶቹ አጨበጨቡ፣ እናቶች ተነስተው ተወዛወዙ። "ይሄ ጭፈራ ቤት ነው?" ብሎ አንድ ሽማግሌ ጮኸ። አባቴ አንገቱን ደፋ።

ቪብራፎኑን በጋሪ ጭነን ቤት ስንደርስ አባቴ ኮቱን ሳያወልቅ መጥረቢያውን አነሳ። "በጉባኤ ፊት አዋረድከኝ!" የመጀመሪያው ምት ቱቦዎቹን ጨፈለቀ። አጎቴ በቡጢ አፉን አለው፤ የአባቴ ነጭ ሸሚዝ በደም ራሰ። እናቴ በወላይትኛ እየጮኸች መሀላቸው ብትገባ አባቴ ገፍትሮ መሬት ላይ ጣላት። አጎቴ በደረቱ ብረቶቹ ላይ ተኛ፣ ቀኝ እጁን ዘርግቶ ጫፋቸውን ያዘ። መጥረቢያው ወረደ። ሁለት ጣቶቹ ሣሩ ላይ ሲወድቁ አየሁ። አባቴም አየ፤ አላቆመም። ጎረቤቶች አንቀው እስኪጥሉት ድረስ ብረቱን ይፈልጠው ነበር።

አጎቴን ኦቶና ሆስፒታል ወስደው ቁስሉን አሰፉለት። በዚያ ትርምስ ጣቶቹን ያነሳ ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲያ መምቻ መያዝ ስላልቻለ ወደ በዴሳ ከተማ ሄዶ እህል ነጋዴ ሆነ። እንደዚያ እንዲጫወት የጠየቅኩት እኔ መሆኔን ለማንም አልነገርኩም፤ እሱም አልነገረም።

ዛሬ በዚያው ቤተ ክርስቲያን ድራሙ፣ ቤዝ ጊታሩ፣ ስፒከሩ ግድግዳ ያንቀጠቅጣል። ባለፈው እሁድ ወጣቶቹ መዝሙሩን በቻቻ ያዙት። አባቴ አርጅቷል፤ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ በአሥር ጣቶቹ ያጨበጭባል። ተናድጄ ወጥቼ አጎቴ ጋ ደወልኩ።

"ምንድን ነው እሱ? እስቲ ስልኩን ወደ በሩ አዙሪው" አለኝ። አዝማቹን ሰምቶ "ድራሙ ይቸኩላል" አለ። ቀጥሎም "አባትሽስ?"

"ያጨበጭባል።"

"ተይው፣ ያጨብጭብ።"

እኔ ግን መተው አልቻልኩም። መስመሩን ሳላቋርጥ ጠብቄ፣ አባቴ ሲወጣ መንገዱን ዘግቼ ስልኩን ዘረጋሁለት። "ጳውሎስ ነው" አልኩት። በልጅነቴ ያን ያህል የምፈራቸውን እጆቹን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተታቸው። ስልኩ መዳፌ ላይ እንደተዘረጋ ቀረ፤ አጎቴ "ሄሎ? ሄሎ?" ይላል።