የሳልህ ቶርኖና ሁለቱ አዳዲስ ኩሽኔታዎች

ባለቤቴ ሳልህ በደሴ መስመር የሕዝብ አውቶቡስ ሹፌር ነበር። ቤት በሚውልበት ቀን ከየካ ሚካኤል በታች ካለው ግቢያችን ጓሮ፣ ቆርቆሮ በለበሰች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው የሚገኘው። እዚያ አንዲት ትንሽ ቶርኖ ነበረችው። እንጨቱን ወይም ናሱን ነክሳ ታሽከረክራለች፤ እሱ ስለቱን አስጠግቶ ቅርጽ ያወጣለታል። አርመናዊው ሰዓት ሠሪ ጎረቤታችን በ1967 አገር ለቆ ሲሄድ ትቶለት የሄዳት ናት።

የሚሠራው ለንግድ አልነበረም። ከእንጦጦ የወረደ የወይራ ቁራጭ ካገኘ የሙስበሃ፣ የመቁጠሪያ፣ ፍሬ ያወጣበታል። ለጎረቤታችን ለመሪጌታ ወልደ ሐዋርያት የመቋሚያቸውን ራስ ሠርቶላቸው ነበር። እሳቸውም ማኅሌት አድረው ሲመለሱ፣ ሌሊቱን ሙሉ በሳልህ ተደግፌ ቆምኩ እያሉ ያስቁናል።

ቶርኖዋ ሞተር አልነበራትም። ከአሮጌ የልብስ ስፌት መኪና በተነቀለ ፔዳልና መዘውሯን በሚያዞር የቆዳ ቀበቶ፣ በቺንጋ፣ ነበር የምትዞረው። እኔ ተቀምጬ እረግጣለሁ፣ እሱ ይሠራል።

ሰዓት ሠሪው ከቶርኖዋ ጋር ሁለት አዳዲስ ኩሽኔታዎች በዘይት ወረቀት ጠቅልሎ ሰጥቶት ነበር። ኩሽኔታ ማለት ዘንጉ የሚሽከረከርበት፣ በውስጡ ትንንሽ የብረት ኳሶች የተደረደሩበት ቀለበት ነው። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ዕቃ በመላ ከተማው ቢፈለግ አይገኝም። ሳልህ ለክፉ ቀን ብሎ ሣጥኔ ውስጥ፣ ከነጠላዎቼ ሥር አስቀመጣቸው።

በ1972 ነሐሴ ላይ ቶርኖዋ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ አመጣች። ሳልህ ኩሽኔታው አልቆ እንደሆነ ብሎ ሁለት ቀን መረመረ። ዘንጉን ጨብጦ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነቀነቀው፤ ፍንክች አላለም። ግማሽ ሰዓት አስረግጦኝ ኩሽኔታው የተቀመጠበትን ብረት በእጁ ጀርባ ዳሰሰው፤ ለብ ከማለት አላለፈም። በመጨረሻ የጥርስ መፋቂያውን አንድ ጫፍ በጥርሱ ነክሶ፣ ሌላውን ብረቱ ላይ አስደግፎ፣ ጆሮዎቹን በጣቶቹ ደፈነ። አባቱ የመኪና ሞተር የሚያዳምጡት እንደዚያ ነበር፤ ድምፁ በጥርስ ገብቶ ራስ ውስጥ ይሰማል። የተበላ ኩሽኔታ ያለማቋረጥ ይፈጫል፣ ያጉረመርማል፤ ይህ ግን ንጹሕ ነው አለኝ። ቢሆንም ወዳጁ ከበበ ይይልኝ ብሎ ላከበት።

እኔ ድምፁን አውቄዋለሁ። ልብስ ሰፊ ነኝ። የቆዳ ቺንጋ ሁለት ጫፉ የሚያያዝበት የሽቦ መንጠቆ ብቅ ሲል፣ ዙሩን በጨረሰ ቁጥር መዘውሩን ይመታል። እየረገጥኩ ቆጠርኩ፤ ጠቅ የሚለው ቺንጋው አንድ ዙር በጨረሰ ቁጥር አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። ልነግረው ስል ከበበ ገባ።

ከበበ በአንድ የመንግሥት ወርክሾፕ የቶርኖ ክፍል ኃላፊ ነበር። ሳልህን ስለት መሳል ያስተማረው እሱ ነው። ሃያ ዓመት የተዋወቁ፣ በዒድ እኛ ቤት፣ በፋሲካ እነሱ ቤት የሚውሉ ሰዎች ናቸው። ሳልህ ያደረገውን ሁሉ ነገረው። ከበበ ዘንጉን በእጁ ሁለት ጊዜ አዙሮ ተወው።

"አልቋል" አለ።

"ምኑ ነው ያለቀው? አዳምጬዋለሁ እኮ።"

"የደሴ ሹፌር ከጥሩምባ ሌላ ምን ይሰማል? ና፣ ጣትህን እዚህ አድርግ። ሲፈጭ ይሰማሃል?"

"አይሰማኝም።"

"እንግዲያው ጆሮህም ጣትህም ሞቷል ወንድሜ።"

ሳልህ ሳቀ፤ ሳቁ ግን አላማረም። እኔ ፔዳሉ ላይ እንደተቀመጥኩ ነበርኩ። ሁለት ባለሙያዎች በሚነጋገሩበት ቺንጋው ነው ማለት አፈርኩ። ሳልህ ሂጂና አዳዲሶቹን ኩሽኔታዎች አምጪ ሲለኝ፣ ከሣጥኔ አውጥቼ ለከበበ በእጄ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ከበበ ዘንጉና ኩሽኔታዎቹ ያሉበትን የቶርኖዋን ራስ ከነቺንጋው ወርክሾፕ ወስዶ በሦስተኛው ቀን መለሰው። ድምፁ ጠፍቷል። አመሰገንነው፤ ምሳ አበላነው።

ሳልህ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ጆሮውን መጠራጠር ጀመረ። አንድ ወር ሳይሞላ አለቆቹ ዘንድ ሄዶ ጆሮዬ ደክሟልና ከመስመር አውጡኝ ብሎ አመለከተ። ምነው ስለው፣ "ፍሬኔን ካልሰማሁ ሃምሳ ሰው ይዤ ጣርማበርን እንዴት እወርዳለሁ?" አለኝ። መኪና የሚገባበትንና የሚወጣበትን ሰዓት እንዲጽፍ የጋራዥ በር ላይ አስቀመጡት። አሥራ ስድስት ዓመት የያዘውን መሪ እንደዚያ ለቀቀ።

ጥር ላይ ግራሶውን፣ የኩሽኔታውን ቅባት፣ ሊቀይር ቶርኖዋን ፈታት። ጠራኝ። በኩሽኔታው ቀለበት ላይ ሰዓት ሠሪው ድሮ በመሮ ያሳረፈበት ጭረት አለ። ሁለቱም የድሮዎቹ ነበሩ፤ ኳሶቻቸው እንደ መስተዋት ያበራሉ፣ አንዲት ነቁጥ እንኳ የለባቸውም። አዲስ ነገር ቢኖር የቺንጋው መንጠቆ ብቻ ነው፤ በደንብ ተጠፍጥፎ ታስሯል።

በዚያው ሳምንት እሑድ ከበበ እንደ ልማዱ መጣ። ሳልህ ቁጭ በል እንኳ ሳይለው ኩሽኔታዎቹ የት እንዳሉ ጠየቀው። ከበበ መጀመሪያ በሩን ዞሮ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። የወርክሾፑ መሰርሰሪያ ኩሽኔታው አልቆ ቆሞ ነበር አለ፤ መሞላት ያለበት የምርት ኮታ አለ፤ ማሽን ሲቆም አሻጥር ነው ይባላል፤ የሚጠየቀው ደግሞ እሱ ነው።

"ብትጠይቀኝ እከለክልህ ነበር?" አለው ሳልህ።

ከበበ በሩን እንደገና ዞሮ አየ።

"እሺ፣ ኩሽኔታውን ውሰድ። ጆሮዬን ለምን ሞቷል አልከኝ?"

"እንድታምነኝ ነዋ። መንዳት ትተዋለህ ብዬ መች አሰብኩ?"

ሳልህ አልጮኸበትም። በሩን ከፍቶ እስኪወጣ ድረስ ቆሞ ጠበቀው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"አንቺ ስትረግጪ ምን ነበር የሰማሽው?"

መዋሸት እችል ነበር። "ቺንጋው ነበር" አልኩት። "ያን ቀን አውቄዋለሁ።"

"አንድ ቃል ብትናገሪ ኖሮ" አለ፣ "እኔና አንቺ ሁለት፣ እሱ አንድ እንሆን ነበር።"

ከበበ የወሰደው ዕቃ ነው። እኔ የነፈግሁት ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

በሳምንቱ ሳልህ ወደ መስመሩ ለመመለስ አመለከተ። እኔም አብሬው ሄጄ ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ፤ በሩ ክፍት ስለነበር ይሰማኛል። የቢሮው ጸሐፊ፣ አልሰማም ያልከው ራስህ ነህ፤ ደክሟል ያለህ ማን ነበር፣ አሁንስ ደህና ነው ያለህ ማን ነው ብሎ ጠየቀው። የከበበን ስም ቢጠራ ለምን ዋሸው ይባልና የመሰርሰሪያው ነገር ይወጣል፤ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር የት እንደሚያደርስ ሁላችንም እናውቃለን።

"ማንም አላለኝም" አለ ሳልህ። ማመልከቻውን ከጠረጴዛው አንስቶ፣ አጥፎ፣ ወደ ጋራዡ በር ተመለሰ። ጡረታ እስኪወጣ እዚያው ነበር።