እትዬ አስቴርና የዝውውሩ ፒዲኤፍ

ዛሬ ጠዋት እትዬ አስቴር «ድረስልኝ፣ ኮምፒውተሩ እምቢ አለኝ!» ብለው ሲጣሩ ግቢው ሁሉ ሰማ።

እትዬ አስቴር አሰላ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የሪከርድ ክፍል ኃላፊ ናቸው። የተማሪው ሁሉ ውጤት ያለው እሳቸው ኮምፒውተር ላይ ነው።

በቴሌግራም «የመምህራን ዝውውር ውጤት» የሚል ፒዲኤፍ ደርሷቸው ነበር። ልጃቸው ጮሌ ወረዳ ያስተምራል፣ ዝውውርም ይጠብቃል፤ ታዲያ እንዴት አይክፈቱት?

ስክሪኑ ላይ «ይህ ሰነድ ሌላ ፕሮግራም ሊያስነሳ ሲል ታግዷል» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አየሁ። (የሚነበብ ሰነድ ፕሮግራም ማስነሳት ምን አገባው?)

ባለፈው ወር ለዓመታት ያልታደሰውን የፒዲኤፍ ማንበቢያ አጥፍቼ፣ ቀለል ያለና በየጊዜው የሚታደስ ሌላ ጭኜላቸው ነበር። ያኔ «የለመድኩትን ነቅለህ ይሄን ባዶ ነገር ሰጠኸኝ» ብለው ሰላም ነስተውኛል።

ፋይሉን አጠፋነው። ከዚያ የተማሪዎቹን ውጤት ከፈትን። ሁሉም እንዳለ ነው!

ኢተያ ከተማ ያለው ጓደኛዬ ግን ያንኑ ፋይል በአሮጌ ማንበቢያ ከፍቶ፣ ላፕቶፑ ላይ ያለው ሁሉ ተቆልፎበታል። አሳዘነኝ።

በሻይ ሰዓት እትዬ አስቴር መምህራኑ መሀል ቆመው «የኔ ኮምፒውተር ሌባውን ከበር መለሰው!» አሉ። ወዲያው ላፕቶፕ ያለው ሁሉ ከበበኝ። ዳይሬክተራችንም «ባዬ ጋሪዳ!» ብለው በኦሮምኛ አደነቁኝና «የሁሉንም ቢሮ ማንበቢያ ቀይርልን» አሉ። ደስታዬን አልደብቅም፣ ቀኑን ሙሉ ደረቴን ነፍቼ ነው የዋልኩት።

እናንተስ ፒዲኤፍ በምን ትከፍታላችሁ? ለጥቂት የተረፋችሁበት ፋይል ካለ ጻፉልን፤ ኮሜንቱን እትዬ አስቴር ራሳቸው ያነቡታል።