የፋጡማ ሰርግና እምቢተኛው ካርድ

ባለፈው ማክሰኞ ከሮቤ ወደ ጎባ ስሄድ ሚኒባሱ ውስጥ አንድ ወጣት አጠገቤ ተቀመጠ። ላፕቶፑን ጭኑ ላይ ከፍቶ በስልክ ለጓደኛው ምሬቱን ያወርድለታል። «ሁሉንም ሞክሬያለሁ ባክህ! ግራፊክስ ካርዱ ቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ ገብቷል፣ ስሙም ይታያል፣ ግን አልሠራም ይላል። ያቺው ስህተት ቁጥር አርባ ሦስት ናት!»

አርባ ሦስት! የድሮ ጠላቴን ስም በሰው አፍ ስሰማ ሳቄ አመለጠኝ። ልጁ ዞር ብሎ አየኝ። ነጠላ ለብሼ፣ የጎመን ፌስታል ታቅፌ ነበርና «ይቅርታ ማዘር፣ ረበሽኩዎት?» አለኝ። ማዘር! ገና ሠላሳዎቹን እንኳ ሳልጨርስ! «ምንም አይደል» ብዬ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ስንዴው ደርሷል፣ ኮምባይነሮቹ አቧራቸውን እያስነሱ ይሄዳሉ። ከአርባ ሦስት ጋር የታገልኩ ጊዜም እንዲሁ የአጨዳ ወቅት ነበር።

ያኔ ትዳር አልያዝኩም፤ ሮቤ ውስጥ አንድ ፎቶ ቤት እሠራ ነበር። ባለቤቱ ኦቦ ሁሴን ይባላሉ። ካሜራው የሳቸው፣ ኮምፒውተሩ የኔ ነው። ሰርግ ካለ ጎሮም ሆነ ጊኒር ሄደን እንቀርጻለን። ኦቦ ሁሴን ቶሎ የሚቆጡ፣ ቶሎም የሚረሱ ሰው ናቸው። እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ። እናቴ «አንቺ ልጅ፣ ይሄ እልህሽ አንድ ቀን ይጥልሻል» እያለች ትሰጋልኝ ነበር። እስካሁን አልጣለኝም።

የፎቶ ቤታችን መቅሰፍት ቫይረስ ነበር። ዘፈን የሚያስጭነውም፣ ፎቶ የሚያሳጥበውም ፍላሹን ይዞ ይመጣል፤ ፍላሹ ደግሞ የከተማውን ቫይረስ በሙሉ ተሸክሞ ይመጣል። በዚሁ ጦስ የአንዲት ሙሽራ ቪዲዮ ጠፍቶ፣ ልጅቷ ባንኮኒው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ከዚያ በኋላ ነው ላፕቶፑን የዊንዶውስ ቫይረስ ወደማይነካው ሊኑክስ የቀየርኩት። ቪዲዮ የምንቆርጥበት ፕሮግራም የሚሠራው በዊንዶውስ ብቻ ስለሆነ፣ ዊንዶውሱን ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ አስገባሁት። ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር ማለት ነው፤ ጓዳ ውስጥ እንደተሠራ ሌላ ጓዳ። ቫይረስ ቢገባ እንኳ ውስጠኛውን አውጥቶ ጥሎ ንጹሑን ቅጂ መመለስ ነው። ዘዴውን ማንም አልነገረኝም፣ ራሴ ነኝ ያሰብኩት። እኮራበታለሁ፣ ምን ይደረግ!

ችግሩ፣ ውስጠኛው ዊንዶውስ ቪዲዮ ላይ ሲደርስ ይንቀረፈፋል። ላፕቶፑ ቪዲዮ የሚያፈጥን ጉልበተኛ ግራፊክስ ካርድ ነበረው፤ ካርዱ ግን በውጭኛው ኮምፒውተር እጅ ነው፣ ውስጠኛው አያየውም። ካርዱን ከውጭኛው ወስዶ ለውስጠኛው መስጠት እንደሚቻል ኢንተርኔት ላይ አንብቤያለሁ። ግን የሚጽፉት አብዛኞቹ ትልቅ ዴስክቶፕ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ስለ ላፕቶፕ ሲጠየቁ «ባትሞክረው ይሻልሃል» ብለው ያልፋሉ።

በዚህ መሃል የፋጡማ ሰርግ መጣ። ፋጡማ የጎሮ ልጅ ናት። አባቷ ኦቦ ጀማል ስንዴ ሲያስጭኑ ከመኪና ላይ ወድቀው ጭናቸው ተሰብሮ ጎባ ሐኪም ቤት ተኝተዋል። ሙሽራው ሥራው ጅጅጋ ነው፤ ፈቃዱ አጭር ስለሆነ ሰርጉን ማራዘም አልተቻለም። እሑድ ተደገሰ፣ ቅዳሜ ፋጡማን ይዟት ሊሄድ ነው። በመሃል ዓርብ ዕለት ፋጡማ አባቷ ዘንድ ሄዳ ልትመረቅ ታሰበ። አባትየው ግን ገና ከሰርጉ በፊት፣ ኦቦ ሁሴን ሊጠይቋቸው በሄዱ ጊዜ እንባቸው እየመጣ «ያላየሁትን ሰርግ በምን አፌ ልመርቅ?» ብለዋቸው ኖሯል። ኦቦ ሁሴን አንጀታቸው አልችል ብሎ «ወላሂ፣ ዓርብ ፊልሙን አልጋዎ ድረስ አመጣለሁ!» ብለው ማሉ። የማሉት እሳቸው፣ የምሠራው እኔ!

ያን ጊዜ ደግሞ አዲስ ካሜራ ገዝተን ነበር። የሚያነሳው ምስል ውብ ነው፣ ግን ከባድ ነው። ያለ ካርዱ የደቂቃ ፊልም ለማውጣት ግማሽ ቀን ሊፈጅብኝ ሆነ። በዚህ አካሄድ ለዓርብ ቀርቶ ለሌላው ወርም አይደርስም።

ሰኞ ጀመርኩ። መጀመሪያ ካርዱን ከሊኑክስ ላይ ስነጥቀው ስክሪኑ ጨልሞ ቀረ፤ እሱን አስተካከልኩ። ቀጥሎ ካርዱ ሲነሳ የሚያነበው የራሱ ትንሽ ፕሮግራም ጠፋ። ለካ ላፕቶፕ ላይ የሚቀመጠው ካርዱ ውስጥ ሳይሆን ዋናው ቦርድ ውስጥ ነው። ፈልፍዬ አወጣሁና ሰጠሁት። ከዚያ በኋላ ውስጠኛው ዊንዶውስ ካርዱን በስሙ ጠራው። እልል ልል ስል አጠገቡ ቢጫ ምልክት አየሁ፤ ስህተት ቁጥር አርባ ሦስት። ካርዱ አለ፣ ግን አልሠራም ብሏል። ምክንያቱን አይናገር! ማክሰኞ እንደዚያው፣ ረቡዕም እንደዚያው። አስነሳዋለሁ፣ ያኮርፋል።

ረቡዕ ማታ ኦቦ ሁሴን ሱቁን ሊዘጉ ሲሉ ትዕግሥታቸው አለቀ። «ኢንተላ ኮ፣» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «እኔ ይሄን የኮምፒውተር እርግዝና አላውቅም። ነገ እስከ ምሳ ካልሆነ የካሜራውን ሜሞሪ ይዤ ሻሸመኔ ላሠራ እሄዳለሁ።»

«ሻሸመኔ ቢሄዱም እኮ ለዓርብ አይደርስም፣ ኦቦ ሁሴን።»

«ታዲያ ለኦቦ ጀማል ምን ልበላቸው? ካርዱ አኮረፈ ልበላቸው?»

ቤቴ ስገባ በንዴት አለቀስኩ። ለራሴ ብቻ አልነበረም፤ እኔም አባቴን ሳልሰናበት ያጣሁ ልጅ ነኝ።

ሐሙስ ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከሙሽራዋ ቤት የተላከልንን ጩኮ ከፊቴ አስቀምጬ ላፕቶፑ ላይ አፈጠጥኩ። የተቆላው ገብስና የቅቤው ሽታ ክፍሉን ሞልቶታል። አንድ ማንኪያ እንደ ጎረስኩ መብራት ሄደ።

ሮቤ መብራት ሲሄድ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። ኦቦ ሁሴንም ከበሩ ላይ ሆነው «መሲ! ባትሪ አለው?» አሉ።

«አለው!» አልኩና ምን ያህል እንደቀረው ለማየት እንደ ልማዴ ወደ ስክሪኑ ጥግ አየሁ። ስክሪኑን የሞላው ውስጠኛው ዊንዶውስ ስለነበር ያየሁት የሱን ጥግ ነው። የባትሪ ምልክት የለም። ባዶ ነው። ውጭኛው ጋ ሄጄ አየሁ፤ እዚያ ባትሪው ቁጭ ብሏል። ተመልሼ ውስጠኛውን አየሁ፤ የለም።

ማንኪያው እጄ ላይ ቀረ። ይሄ ውስጠኛ ኮምፒውተር መብራት መሄዱን እንኳ አልሰማም! ባትሪ የለውማ፤ ራሱን ዴስክቶፕ አድርጎ ነው የሚቆጥረው። ካርዱ ደግሞ የላፕቶፕ ካርድ ነው። ገብቶ ዙሪያውን ሲያይ ባትሪ አጥቶ «ይሄ የኔ ቤት አይደለም» ብሎ ቢሆንስ እምቢ ያለው?

እስከዚያ ድረስ ኢንተርኔቱን ያመስኩት ካርድ፣ ካርድ እያልኩ ነው። አሁን በስልኬ «ባትሪ» የምትለዋን ቃል ጨመርኩበት። ከስንት ጽሑፍ ሥር አንድ የማላውቀው ሰው፣ ለውስጠኛው ኮምፒውተር የውሸት ባትሪ እንዴት እንደሚሠራ በጥቂት መስመር ጽፎ ተገኘ። «ባትሪ አለኝ፣ ሞልቷልም» ብላ የምትዋሽ ትንሽ ፋይል ናት። ማመስገኛ እንኳ የጻፈለት ሰው አልነበረም፤ እኔ ጻፍኩለት።

ፋይሏን አዘጋጅቼ አስገባሁና ዊንዶውሱን አስነሳሁት። ጥጉ ላይ የባትሪ ምልክት ብቅ አለ፤ ሙሉ። የካርዱን ገጽ ከፍቼ አየሁ። ቢጫው ምልክት የለም!

«ሠራ! ኦቦ ሁሴን፣ ሠራ!» ጩኸቴን ሰምተው የጎረቤት ልብስ ሰፊዎች ሁሉ ወጡ። ኦቦ ሁሴን የሆነው ነገር ምን እንደሆነ አልገባቸውም፤ «ማሻአላህ! ማሻአላህ!» እያሉ ከኔ ጋር ዘለሉ። መብራቱ ከምሳ በኋላ ሲመጣ ሥራ ጀመርኩ። በፊት ግማሽ ቀን ይፈጅ የነበረው ቡና ሳይፈላ ያልቅ ጀመር። ዓርብ ረፋዱ ላይ ፊልሙ ደረሰ።

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ጎባ ሄድን። ላፕቶፑን ኦቦ ጀማል አልጋ ላይ፣ የምግብ ማቅረቢያዋ ላይ አስቀመጥኩት። ፋጡማ አባቷን ተደግፋ ተቀመጠች። ኦቦ ጀማል ወንድማቸው ሲጨፍሩ አይተው እስኪያስላቸው ሳቁ። ሽማግሌዎቹ ሙሽሮቹን የሚመርቁበት ቦታ ሲደርስ ግን ሳቃቸው ቆመ። እዚያ መሃል የሳቸው ወንበር ባዶውን ነበር፤ ሰው እንዳይቀመጥበት ከዘራቸውን አጋድመውበታል።

«እስቲ ይቺን መልሺልኝ» አሉኝ። መለስኩላቸው። ደግመው አስመለሱኝ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። በኦሮምኛ መረቋት፤ ውለጂ፣ ክበጂ፣ ቤትሽ አይጉደል እያሉ፣ መጨረሻው ላይ «ነጋያን ጋሊ» ብለው፤ በሰላም ግቢ። ክፍሉ ውስጥ ያለ በሽተኛ ሁሉ አሚን አለ። ፋጡማ ደረታቸው ላይ ተደፍታ ቀረች።

እኔ ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ ልወጣ ስል «አንቺስ የት ትሄጃለሽ?» አሉኝ። «ነይ። ሰርጉን ያመጣሽልኝ አንቺ አይደለሽ?» ብለው ያንኑ እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ሚኒባሱ ጎባ ሊገባ ሲል ወደ ወጣቱ ዞርኩ። «ልጄ፣» አልኩት፣ ማዘር ላለኝ ብድሩን ልመልስ ብዬ፤ «ባትሪ አለው?»

«አለው፣ ሞልቷል።»

«የላፕቶፑን አይደለም የጠየቅሁህ። የውስጠኛውን ነው።»

የውስጠኛውን ዊንዶውስ ጥግ አየ። እኔን አየኝ። ተመልሶ ጥጉን አየ። የቀረውን እስክንወርድ ድረስ ነገርኩት፤ እሱም ስልኩ ላይ እየጻፈ በመገረም ራሱን ይነቀንቃል።

መብራት ሲሄድብን ያልተራገምንበት ቀን የለም። እኔም ስንት ሥራ ተበላሽቶብኝ ተራግሜያለሁ። ያን ሐሙስ ግን ባይሄድ ኖሮ ዓይኔን ወደዚያ ጥግ አልወረውርም ነበር፤ ኦቦ ጀማልም ልጃቸውን ያላዩትን ሰርግ መርቀው፣ ወይም ሳይመርቁ፣ ይሸኟት ነበር። ይሄን ሁሉ ለልጁ ለመንገር ጊዜ አልነበረም። ጎመኔን ይዤ ስወርድ ከኋላዬ በሩን ይዞ «ማዘር! የት ነው ይሄን የተማሩት?» ብሎ ጮኸ።

«እዚያው ሮቤ ነዋ!» አልኩት። «መብራት ሲሄድ!»