«ልቤን» ያለች ሴት እጇ የት ነበር

ሥራ የጀመርኩት መካኒሳ አካባቢ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ነው። ስሙ ይቅር። በመጀመሪያው ቀን ልየታ ክፍል ተመደብኩ። ልየታ ማለት በሽተኛው ካርድ አውጥቶ እንደመጣ ግፊቱና ሙቀቱ ተለክቶ፣ ማን ቀድሞ ሐኪም ዘንድ ይግባ፣ ማን ወረፋ ይጠብቅ የሚባልበት ክፍል ነው። ከፍርሃት የተነሳ የግፊት መለኪያውን ጨርቅ ገልብጬ ነበር የማስረው።

ረፋድ ላይ አንድ ጎልማሳ ገባና «ልቤን» አለኝ። ሌላ ነገር አልጠየቅኩም። በሩን ከፍቼ «ዶክተር! የልብ በሽተኛ!» ብዬ ጮህኩ። አልጋ እየተገፋ መጣ፣ ሰው ተሯሯጠ። ሰውየው ከእኔ ብሶ ደነገጠ። «ኧረ ልጄ፣ ትናንት ክትፎው ላይ ሚጥሚጣ አብዝቼ ነው» አለ። እንዳመለከተው ከሆነ የሚያቃጥለው ከእምብርቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። ኮሪደሩ በሙሉ ሳቀብኝ።

የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር አልማዝ ግን አልሳቁም። ወደ ጥግ ወሰዱኝና «አገሬው ጨጓራውንም ልቤን ይላል፣ ማቅለሽለሹንም ልቤን ይላል፣ ሐዘኑንም ልቤን ይላል። ጆሮሽን ብቻ አትመኚ፤ ‹በእጅህ አሳየኝ› በይ» አሉኝ። በጣቱ ሆዱን ካሳየ ብዙ ጊዜ ጨጓራ ነው፤ እጁን ጨብጦ ደረቱ ላይ ካስቀመጠ ያን ጊዜ ጩኺ አሉ። ትንሽ አሰቡና ደግሞ «ሁልጊዜ ግን አይሠራም፤ ጨጓራ መስሎ የሚመጣ ልብም አለ» ብለው ጨመሩ። ያቺ የመጨረሻዋ ነገር እንቅልፌን ነሳችኝ።

በዚያ መመሪያ ዕድሜዬን ሙሉ ሠራሁ፣ ፍርሃቱ ግን አልለቀቀኝም። «ወረፋ ጠብቅ» ብዬ የሸኘሁት ሁሉ ኮሪደር ላይ ሲወድቅ ይታየኛል። እየተነሳሁ አያለሁ፣ ደግሜ እለካለሁ። ባልደረቦቼ «አንቺ ሴትዮ፣ በሽተኛውን የምታስደነግጪው አንቺ ነሽ» ይሉኛል። ይበሉ። እኔ ከማይፈራ ነርስ ጋር ተረኛ መሆን አልወድም።

እትዬ አስካለ የጤና ጣቢያችን የጽዳት ሠራተኛ ናት። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ ቀልዷ ግን የኮረዳ ነው። ባሏ ጋሽ ዓለሙ በሰፈራችን መስመር የሚሠራ የሚኒባስ ሹፌር ነበር። ምሳ ሲደርስ በራችን ላይ ቆሞ ሁለቴ ጡሩምባ ይነፋል፤ እሷ መወልወያዋን ጥላ ምሳ ዕቃውን ይዛ ትወጣለች። «ሂጂ፣ ሙሽራው ጠራሽ» እያልን እንቀልድባት ነበር።

አንድ ቀን ወለሉን እየወለወለች፣ ቀና ሳትል፣ «ሰውዬው ሄደልሽ» አለችኝ። የት ሄደ ብላት፣ ሌላ ሴት ጋ አለች። ልብሱን በፌስታል ሰብስቦ፣ ቁልፉን ቴሌቪዥኑ ላይ አስቀምጦ ወጥቷል። ልጆቹ አድገው የየራሳቸውን ኑሮ ይዘዋል፤ ቤቱ ውስጥ የቀረችው እሷ ብቻ ናት። «በርቺ» አልኳት። የማይረባ ቃል ነው።

ከዚያ በኋላ ሰውነቷ ዓይናችን እያየ ከዳት። ምሳ ዕቃዋ እንደሞላ ይመለሳል። ቀሚሷ ሰፋት። እንቅልፍ ሲያሸልባት ከገደል የምትወድቅ ይመስላትና ብንን ትላለች። ከሁሉ የሚያስፈራው ጡሩምባው ነበር። ጋሽ ዓለሙ ሥራው እዚያው መስመር ስለሆነ አልጠፋም። ሚኒባስ ባለፈና ጡሩምባ በሰማች ቁጥር፣ የእሱም ባይሆን፣ ክው ብላ ግድግዳ ትይዛለች።

«ልቤን» ትለኝ ጀመር። «በእጅሽ አሳዪኝ እትዬ» አልኳት። በአንድ ጣት ከእምብርቷ ከፍ ብላ አሳየችኝ። ሐኪማችን መረመራት፣ የጨጓራ መድኃኒት ሰጣት፣ ቃጠሎው ቀለል አላት። ያኔ ጨጓራዋ ነበር። እኔ ግን ዓይኔን ከእጇ ላይ አላነሳሁም።

አንድ ማለዳ ሥራ ላይ ሳለች ስልክ ተደወለላት። የደወለው እሱ ነው። «እኔና እሷ ልጅ ልንወልድ ነው፤ አንቺና እኔ ሽማግሌ ፊት ቀርበን በወጉ እንለያይ» አላት። ስልኩን ዘግታ ባልዲው ላይ እንደመቀመጥ አለችና ወደ ግድግዳው ዘመመች። ከክፍሌ ስወጣ ግንባሯ በላብ ርሶ፣ ከንፈሯ አመድ መስሎ አገኘኋት። «ልቤን» አለች። አሳዪኝ ማለት አላስፈለገኝም፤ እጇ ተጨብጦ ደረቷ መሃል ላይ ነበር።

ጮህኩ። እንደ መጀመሪያ የሥራ ቀኔ ጮህኩ፤ አሁን ግን ማንም አልሳቀም። ግፊቷ ወርዷል። የልብ ምቷ ይሮጣል፣ ይሰናከላል፣ ደግሞ ይሮጣል። ሐኪማችን አስፕሪን አስቃማትና አምቡላንስ ተጠራ። አብሬ ገባሁ። መካኒሳ አደባባይ ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ሳይረን ብንነፋ የሚንቀሳቀስ ጠፋ። ማርያምን እየተለማመንኩ እጇን ያዝኩ።

«ሲስተርዬ» አለችኝ በደከመ ድምፅ፣ «ከሞትኩ ቀብሬ ላይ ቆሞ እንዳያለቅስ።»

«ዝም በይ፣ አትናገሪ» አልኳት። ተቆጣሁ። ካልተቆጣሁ ማልቀሴ ነበር።

ሆስፒታል ስንደርስ የልቧ ኤሌክትሪክ ምርመራ ልክ የልቡ ደም ስር እንደተዘጋበት ሰው ነው ተባለ። በደም ስሯ ቀጭን ቱቦ አስገብተው ሲያዩ ግን የተዘጋ ነገር የለም። ዶክተሩ ወጥቶ «የደም ስሯ ደህና ነው፤ ጡንቻው ነው የደከመው። ከባድ ድንጋጤ ወይም ሐዘን የልብን ጡንቻ ለጊዜው ሊያልፈሰፍሰው ይችላል» አለኝ። ይድናል ወይ ስለው፣ አብዛኛው ሰው በሳምንታት ውስጥ ያገግማል፣ መድኃኒቱን ግን እንዳታቋርጥ አለኝ። «ደግማ ብትደነግጥስ?» አልኩት። «ሊደገም ይችላል» አለ። ሰው እንዲያጽናናኝ ነበር የጠየቅኩት።

ቤቷ ስትመለስ ክኒኑን አልውጥም አለች። «ጸበል ጀምሬያለሁ፤ ከክኒን ጋር አይሄድም አሉኝ።» «ማን ነው ያለሽ?» አልኳት፤ «ክኒኑን በጸበሉ ዋጪው።» ሳቀች፣ ዋጠችው። ጎረቤቷ ጴንጤ ናት፤ ራሷ ሳትጾም የእትዬን የጾም ወጥ ሠርታ ትመጣለች። እስክትበላም አትሄድም። እኔ ደግሞ በዕረፍቴ ቀን ቀስ እያልን እስከ ብስራተ ገብርኤል በእግር እወስዳት ነበር። ስንሄድ ስለ እሱ ታወራለች። መጀመሪያ ተይ ልላት ፈለግኩ። ኋላ ስታወራ ትንፋሿ እንደሚረጋ አየሁና ተውኳት። ሰውነቷ ቀስ በቀስ ተመለሰ። የልቧ አልትራሳውንድም ሲደገም ጥሩ ሆነ።

በዚህ መሃል ሽማግሌዎቹ ቀን ቆረጡ። እንዳትሄጂ ብዬ ለመንኳት። የዶክተሩ «ሊደገም ይችላል» ጆሮዬ ላይ ነው። «ጡሩምባ በሰማሁ ቁጥር ግድግዳ ይዤ እስከ መቼ?» አለችኝ። አብሬ ሄድኩ።

ነፋስ ስልክ አንደኛው ሽማግሌ ቤት ተሰበሰብን። አጠገቧ ተቀምጬ በነጠላዋ ሥር የእጇን አንጓ ያዝኩ። ጋሽ ዓለሙ ገባ። የልብ ምቷ ጣቴ ሥር ፈረጠጠ። ከሽማግሌዎቹ የምሰማው ቃል አልነበረም፤ የምሰማው ያንን ምት ብቻ ነው። ጋሽ ዓለሙ አንገቱን ደፍቶ «ይቅር በይኝ፤ መመለሱን ግን አልመለስም» አለ። ያኔ ሌላኛው እጇ ከጭኗ ተነስቶ ወደ ደረቷ ሄደ። አፌን ለጩኸት ከፍቻለሁ።

ነጠላዋን አስተካከለች።

«አልረግምህም» አለችው፤ «ሥራዬ በር ላይ ግን ጡሩምባ አትንፋ።»

«እሺ» አለ። ሌላ የምትጠይቂው አለ ወይ ሲሏት የለኝም አለች። ሽማግሌዎቹ ገና እያወሩ ሳለ ምቷ ጣቴ ሥር እየቀነሰ መጣ፣ ረጋ። እኔ ግን አለቀቅኳትም።

ውጭ ወጥተን ታክሲ ስንጠብቅ አንድ ሚኒባስ ጡሩምባ ነፍቶ አለፈ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው ግድግዳ አልያዘችም። «ሲስተርዬ፣ ራበኝ» አለችኝ። መንገዱ ዳር ያለ ምግብ ቤት ገባን፤ ሽሮ አዘዝን። እሷ ስትበላ እኔ አለቀስኩ።

አሁን ጡረታ ልወጣ ነው። በእኔ ወንበር ለምትቀመጡት የምለው ይህን ነው። «ልቤን» ያለ ሰው መጀመሪያ በእጁ ያሳያችሁ። ጨጓራውም ይሁን ልቡ፣ ቀጥላችሁ ማን እንደሄደበት ጠይቁት። ለክታችሁ ስትጨርሱ እጁን ቶሎ አትልቀቁ።